የደበዘዘ የመኪና ቀለም ቤት ውስጥ ለመመለስ፦ ክሌይ፣ የእጅ ፓሊሽ፣ ማሽን ወይስ ብርጭቆ ወረቀት?

ደጅ የሚያድር መኪና መጀመሪያ ወዙን የሚያጣው ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይሄ ቶሎ ይመጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች። የአልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ እየጨመረ ይሄዳል። የግንባታ አቧራ አለ። ሲሚንቶ ያለበት አቧራ ከሌሊት ጤዛ ጋር ሲገናኝ ቀለሙ ላይ ይጋገራል። ከሁሉ የሚብሰው ግን በየጠዋቱ በደረቅ ጨርቅ ወይም በላባ መወልወሉ ነው። ዘበኛው ለደግ ብሎ ያደርገዋል። አቧራው ግን በጨርቁ ሥር እየተፈጨ ቀለሙን ይጭረዋል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ከውጭ ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለችዋን ቪትዝ ወይም ኮሮላ አሳምሮ ማቆየት ትርፉ ጨምሯል። ግን «ቀለሟን እንዴት ልመልሰው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ እንደ መላሹ ነው። ላቫጆው ፓሊሽ ይላችኋል። ቀለም ቀቢው «ሙሉ ቀለም ያስፈልጋታል» ይላል። ሶማሌ ተራ ያለው ነጋዴ ሦስት ጣሳ ያስታቅፋችኋል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ኮልጌት የሚቀቡ አሉ።

እዚህ የማንንም ምርት ስም አላወድስም። የዕቃ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥም በብር አልጽፍም፤ «ርካሽ» እና «ውድ» የምለው አንዱን ከሌላው ጋር አነጻጽሬ ነው።

መጀመሪያ መለኪያው

ፋብሪካ የተቀባ መኪና ቀለም ከላሜራው እስከ ላይ ድረስ ሁሉም ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው)። ከዚህ ውስጥ ላይኛው፣ ቀለም የሌለውና የሚያብረቀርቀው ክሊር ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ውፍረት አለው ስትባሉ ስስነቱ ይገባችኋል። ፀሐዩን የሚከላከለው ንጥረ ነገር ያለውም እዚህ ክሊር ውስጥ ነው።

ፓሊሽ ማድረግ ማለት ከዚህ ክሊር ላይ ትንሽ መላጥ ማለት ነው። ሌላ አስማት የለውም። ጭረት የምናየው ብርሃን የጭረቱ ዳርቻ ላይ ሲበተን ነው። ዙሪያው እስከ ጭረቱ ጥልቀት ድረስ ሲላጥና ሲስተካከል፣ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ይመለሳል። «አበራ» የምንለው ያኔ ነው። የተላጠው ግን አይመለስም። መኪናዋ ዕድሜዋን ሙሉ የምታጠፋው አንድ በጀት አላት ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ የምመዝንበት የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ያበራል?» አይደለም። ምን ያህል ክሊር ይበላል? የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ጭረቱን ያጠፋዋል ወይስ ይደብቀዋል? ሦስተኛው፣ እጃችሁ ቢስት የሚደርሰው ጉዳት ምን ያህል ነው? ከዚያ በኋላ ነው ገንዘብ፣ ጊዜ፣ ውሃና መብራት የሚመጣው። ውሃ በፈረቃ፣ መብራት በዕድል በሆነበት ሰፈር የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ አይደለም።

መኪናዋ ምን ሆናለች?

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናዋን አጥባችሁ በጥላ ሥር መርምሯት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ብዙ ገንዘብ ግን ያድናል።

እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ የታጠበውን ኮፈን ዳስሱት። ባዶ እጅ የማይሰማውን ፌስታሉ ያሰማል። የሚጎረብጥ ከሆነ ሲሚንቶ፣ የብረት ብናኝ ወይም የዛፍ ሙጫ ተጣብቆበታል። ይህ ጭረት አይደለም፤ በፓሊሽም አይጀመርም።

ቀጥሎ የስልካችሁን መብራት ቀለሙ ላይ አብሩ። በመብራቱ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጫጭን ክብ ጭረት ካያችሁ፣ ያ የደረቅ ጨርቅና የቆሸሸ ስፖንጅ ሥራ ነው። ፓሊሽ የሚያጠፋው እሱን ነው። ትልቁን ጭረት ደግሞ ጥፍራችሁን አቋርጣችሁ አሳልፉበት። ጥፍር ከያዘ ጥልቅ ነው። እሱን አደብዝዛችሁ ኑሩ እንጂ ለማጥፋት አትታገሉ።

ሌላው ቀለሙ ክሊር ያለው ይሁን ወይስ ወጥ የሚለው ነው። በማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ፓሊሽ በጨርቅ አሹበት። ጨርቁ የመኪናዋን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም፤ የምትልጡት ራሱን ቀለሙን ነው። የድሮ ላዳዎች እንደዚህ ናቸው። ብዙ ነጭ ቶዮታዎችም፣ በተለይ የቀለም ኮዳቸው 040 የሆነው፣ ክሊር የላቸውም። ኮዱን በር ሥር ወይም ሞተር ክፍሉ ውስጥ ባለው ብረት ላይ ታገኙታላችሁ። ነጭ መኪና ስትፈትሹ ጠቆር ያለ ጨርቅ ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ አይታያችሁም። ወጥ ቀለም መጥፎ ዜና አይደለም። እንዲያውም ደብዝዞ ዱቄት የሚያወጣ ወጥ ቀለም ከሁሉም በላይ አስደሳች ለውጥ ያሳያል።

መጥፎው ዜና ሌላ ነው። ጣሪያው ላይ ነጫጭ ደሴት የመሰለ ነገር ካለ፣ ዳርቻውም በጥፍር የሚነሳ ከሆነ፣ ክሊሩ ተላጧል። ይህን የሚመልስ ፓሊሽ ዓለም ላይ የለም። ሻጩ ምን ቢምል ቀለም ቀቢ ጋ ከመሄድ ሌላ መንገድ የለም።

ያገለገለ መኪና ከሆነች ደግሞ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ፓራፋንጎውና በሮቹ ላይ ሞክሩ። ማግኔቱ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚላላበት ላይ ስቱኮ ሊኖር ይችላል። እዚያ ያለው ቀለም ጋራዥ የተቀባ ነው፤ ውፍረቱንና ጥራቱን የሚያውቀው ቀቢው ብቻ ነው። የቀለም ውፍረት መለኪያ መሣሪያ የሚያውሳችሁ ካለ ጥሩ። ግን መሣሪያው የሚነግራችሁ ጠቅላላውን ውፍረት ነው፤ ክሊሩ ብቻውን ስንት እንደቀረ አይነግራችሁም።

ምንም ሳይላጥ፦ ጥሩ እጥበት፣ ክሌይና ዋክስ

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ወደ ፓሊሽ ይሮጣል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም አዲስ የሚባሉ፣ ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸው መኪኖች ብዙዎቹ ከዚህ በላይ አያስፈልጋቸውም።

ሁለት ባልዲ ያዙ። አንዱ የመኪና ሻምፑ፣ ሌላው ጓንቱን ወይም ስፖንጁን የምታለቀልቁበት ንጹሕ ውሃ። ከላይ ወደ ታች እጠቡ። ጎማና የታችኛው ክፍል መጨረሻ ላይ፣ በሌላ ጨርቅ። ኦሞ ለልብስ ነው፤ ዱቄቱ በደንብ ካልሟሟ ራሱ ይጭራል። ላርጎ አንድ ጊዜ፣ የቆየውን ዋክስ፣ ማለትም ቀለሙን ለመከላከል የሚቀባውን ሰም፣ ለማስለቀቅ ቢሆን ግድ የለም። በየሳምንቱ ግን የቀባችሁትን መከላከያ ያጥባል።

ክሌይ በእጅ ታሽቶ የሚለሰልስ ሸክላ መሰል ቁራጭ ነው። ቀለሙን በሻምፑ ውሃ በደንብ ታርሱና ሳትጫኑ ወዲህ ወዲያ ታሹታላችሁ። የተጣበቀውን ቆሻሻ እየነቀለ ይይዘዋል። ሲቆሽሽ አጥፉትና ንጹሑን ገጽ አውጡ። መሬት ከወደቀ ጣሉት፤ አሸዋ ይዟል። አንድ ቁራጭ ለብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ ወጪው ትንሽ ነው። ጨለም ባለ መኪና ላይ ቀላል ጭረት ሊተው ስለሚችል ጥቁር መኪና ያላችሁ ከክሌይ በኋላ ቀለል ያለ ፓሊሽ አስቡ።

ይህ መንገድ ጭረት አያጠፋም። ግን ፌስታሉ ሲጎረብጥባችሁ የነበረው ቀለም ይለሰልሳል። ልሙጥ ነገር ደግሞ ያበራል።

የእጅ ፓሊሽ

መብራት አይፈልግም። ማሽን አይፈልግም። ጨርቅ፣ የፓሊሽ ስፖንጅና ክንድ ብቻ። ለጀማሪ ያለው ትልቁ ጥቅም ደግሞ ቀለም ለማበላሸት በጣም ከባድ መሆኑ ነው። በእጅ ክሊር ቀድዳችሁ ላሜራ ለማግኘት ልዩ እልኽ ይጠይቃል።

ድክመቱም እዚሁ ነው። እጅ እኩል አይጫንም፤ ፍጥነትም የለውም። ዱቄት ያወጣውን ደብዛዛ ገጽ በደንብ ያነሳል፣ ቀለል ያለውን ጭረት ይቀንሳል። የሸረሪት ድሩን ከሙሉ መኪና ላይ አጠፋለሁ ካላችሁ ግን ክንዳችሁ ቀድሞ ያልቃል። በእጅ ለመሥራት የምመርጠው ፓሊሽና ዋክስ በአንድ ላይ ያለበትን፣ «ኦል ኢን ዋን» ወይም «ክሊነር ዋክስ» የሚባለውን ነው። አንድ ጊዜ ታሽቶ ሁለቱን ይሠራል።

ሁሉን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። በዚህ ሳምንት ኮፈን፣ በሚቀጥለው ጣሪያ። ለእጅ ሥራ ይህ ይሻላል፤ የደከመ ክንድ የሠራው በር ያስታውቃል። የምትሠሩበት ቦታ ስፋት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር አይለፍ። ላሜራው ለእጅ ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት። ፀሐይ ላይ ፓሊሹ ሳይሠራ ይደርቃል።

ለወጥ ቀለም፣ ለድሮ ነጭ ቶዮታና ለላዳ፣ የእጅ ፓሊሽ ከሚጠበቀው በላይ ይሠራል።

ዲኤ ማሽን፦ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ

ዲኤ (ዱዋል አክሽን) የሚባለው ፓሊሸር ፓዱን፣ ማለትም ፓሊሽ የሚደረግበትን ክብ ስፖንጅ፣ ያዞረዋል፣ ያወዛውዘዋልም። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች አንድ ላይ ስላሉ ሙቀት አንድ ቦታ አይከማችም። በጣም ስትጫኑት ወይም ስታጋድሉት መዞሩን ያቆማል። ስህተትን ይቅር ይላል። ለቤት የተሠራ ማሽን ቢኖር ይሄ ነው።

ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። የመወዛወዙ ስፋት 8 ሚሊ ሜትር የሆነው ርካሽና ለእጅ ቀላል ነው፤ 15 ሚሊ ሜትር የሆነው በፍጥነት ይሠራል። ሁለተኛ፣ ፓዱ በቀላሉ የሚገኝ መጠን ይሁን፤ 5 ወይም 6 ኢንች የሆነው ለአብዛኛው መኪና ይበቃል። ሦስተኛው ቮልቱ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ «እኔ ልላክልህ» ቢላችሁ አመስግናችሁ ጠይቁ። የእዛ ማሽን የሚሠራው በ110 ወይም 120 ቮልት ነው፤ እኛ ጋ 220 ነው። በቀጥታ የሰካችሁት ቀን ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይቻላል፤ ግን አቅሙ ከማሽኑ ዋት በላይ መሆን አለበት፤ እሱም ሌላ ወጪና ሌላ ክብደት ነው። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት ችግር የለበትም፤ ሶኬቱን ብቻ ማስማማት ነው። ባትሪ ያለው ማሽን ከሆነ ደግሞ የቻርጀሩን ጽሑፍ አንብቡ። «100–240» ካለ ምንም አይላችሁም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መብራቶቹን፣ ጎማ ያለበትን ጠርዝና ጥቁር ፕላስቲኩን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ጥቁር ፕላስቲክ ላይ የደረቀ ፓሊሽ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ለማውጣትም ያበሳጫል። ፓዱ ላይ አራት ወይም አምስት የአተር ፍሬ የምታህል ፓሊሽ ጠብ አድርጉ። ማሽኑን ሳታስነሱ ቀለሙ ላይ አስቀምጡትና በዝቅተኛው ፍጥነት አዳርሱት። ከዚያ የፍጥነት ቁጥሩን ወደ 4 ወይም 5 ከፍ አድርጋችሁ በቀስታ፣ በሰከንድ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል እየሄዳችሁ፣ እየደራረባችሁ አራት ጊዜ ተመላለሱ። ወዲያ ወዲህ፣ ቀጥሎ ላይ ታች። ማሽኑ በራሱ ክብደትና በትንሽ ጫና ይሥራ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ኮፈኑ ላይ አንድ የሙከራ ቦታ ምረጡ። ቀለል ባለው ፓሊሽና በለስላሳ ፓድ ጀምሩ። ካልበቃ ብቻ ወደ ጠንካራው፣ ወደ ኮምፓውንዱ ተሻገሩ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ኃይለኛውን ገዝቶ ከሱ ይጀምራል። ቀለል ያለ ፓሊሽ ከ1 እስከ 3 ማይክሮን ገደማ ነው የሚወስደው። ኮምፓውንድ ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ጥቁር መኪና ላይ ደግሞ ጭጋግ የመሰለ ምልክት ትቶ ሁለተኛ ዙር ያስገድዳችኋል።

ሙከራውን ስትጨርሱ አትደሰቱ ገና። የፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ ጥረጉት። ፓሊሽ ውስጥ ያለ ዘይት ጭረት ሞልቶ ይደብቃል፤ አልኮሉ ዘይቱን ሲያነሳው እውነቱ ይታያል። ከዚያ በኋላም ካማረ መንገዱን አገኛችሁት። ሙሉ መኪናውን በዚያው ሥሩ።

ለአንድ መኪና ቢያንስ ሦስት ፓድ ያስፈልጋል። ፓድ ሲሞላና ሲግል መቁረጥ ያቆማል፤ በየቦታው ብሩሽ ይምታው። ሹል መስመርና ጠርዝ ላይ ማሽኑን አታቁሙ፤ ቀለም እዚያ ከሁሉም ቦታ ይሳሳል። ባምፐር ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አያሰራጭም፤ እሱን በትንሽ ፍጥነት። ጊዜውስ? ሙሉ ቅዳሜያችሁን ያዙለት።

ዋጋው ከእጅ ፓሊሽ በብዙ ይበልጣል። ግን ማሽን በዓመት አንድ ቀን ነው የምትሠሩበት። ወንድም፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ተዋጥተው አንድ ቢገዙ ለሁሉም ይበቃል። ፓዱን ግን እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ፤ የሌላ ሰው መኪና አሸዋ ፓዱ ውስጥ እንዳለ አታውቁም።

ሮታሪ፣ ማለትም የጋራዡ ማሽን

በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ነው። ቁርጠኛ ነው፣ ፈጣን ነው፣ በለመደ እጅ ግሩም ሥራ ይሠራል። ባልለመደ እጅ ግን አንድ ቦታ ለሰከንዶች ሲቆም ክሊሩን ያቃጥላል። ፀሐይ ላይ ስታዩት የሚሽከረከር ጥላ የመሰለ ምልክት የሚተውም እሱ ነው። አንዳንድ ላቫጆ «ፓሊሽ ተደርጋ» የወጣች መኪና ማታ አብርታ ጠዋት ፀሐይ ላይ የምትታየው እንደዚያ ናት።

ግራይንደር ላይ ፓድ ገጥሞ መሥራትማ ጭራሽ አይታሰብም። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። ለቀለም የተሠራ ሮታሪ ከ600 እስከ 3,000 ነው። ብረት መቁረጫ ነው፤ ቀለማችሁንም ይቆርጠዋል።

ብርጭቆ ወረቀት በውሃ

2000 ከዚያ 3000 ቁጥር ወረቀት፣ በውሃ እየታጠበ፣ ከዚያ ኮምፓውንድ፣ ከዚያ ፓሊሽ። ጋራዥ አዲስ የተቀባን ቀለም ለማስተካከል ይጠቀምበታል፤ እዚያ ወፍራም ክሊር አለና። የፋብሪካ ቀለም ላይ ግን ከፓሊሽ በብዙ እጥፍ የሚበላው ይሄ ነው። ቤት ውስጥ አንድ የቁልፍ ጭረት፣ አንድ ጠብታ የፈሰሰ ቀለም ላይ፣ በጣት ስፋት ብቻ ከሆነ እስማማለሁ። ሙሉ ኮፈን ላይ? አይሆንም።

የሚሸፍኑት

ግሌዝ፣ የሚረጭ ሲልከን፣ ዘይት ያለው «ሻይነር»። ጭረት ይሞላሉ፣ ለፎቶ ያሳምራሉ፣ በጥቂት እጥበት ይሄዳሉ። ውሸት ናቸው አልልም፤ ለሠርግ መኪና ሌላ ምን ይፈለጋል? ግን ሲልከን የጠጣ ላሜራ በኋላ ቀለም ሲቀባ ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ይሸሻል፤ ዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ ይሠራል። ቅርብ ጊዜ ቀለም ልታስቀቡ ካሰባችሁ አትንኩት።

ናፍጣ ወይም ላምባ መቀባት አቧራ መሰብሰብ ነው። ኮልጌት ትንሽ ይፍቃል፤ እውነት ነው። ግን ለጥርስ ተብሎ የተፈጨ ነው፤ ብዙው ፓሊሽ እየተሠራ እየደቀቀ ይሄዳል፣ ኮልጌት አይደቅም። ለደበዘዘ የፊት መብራት በአጣዳፊ ይሆናል። ለቀለም አይሆንም።

ባጭሩ ሲታይ

| መንገድ | ክሊር ይበላል? | ምን ያደርጋል | ጀማሪ ቢሳሳት | ወጪ | ጊዜ | መብራት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| እጥበት፣ ክሌይ፣ ዋክስ | የለም ለማለት ይቻላል | የተጣበቀ ቆሻሻ ያነሳል፣ ያለሰልሳል | ቀላል ጭረት | ርካሽ | ግማሽ ቀን | አያስፈልግም |
| የእጅ ፓሊሽ | በጣም ትንሽ | የደበዘዘ ገጽ ይመልሳል፣ ቀላል ጭረት ይቀንሳል | እኩል ያልሆነ ወዝ | ርካሽ | በየሳምንቱ አንድ ክፍል | አያስፈልግም |
| ዲኤ ማሽን | ትንሽ | የሸረሪት ድር ጭረቱን ያጠፋል | ጠርዝ ላይ መሳሳት | ውድ (ቢዋጣ መካከለኛ) | ሙሉ ቀን | ያስፈልጋል |
| ሮታሪ | መካከለኛ እስከ ብዙ | ጠንካራ ጭረት ያጠፋል | ክሊር ማቃጠል | መካከለኛ | ግማሽ እስከ ሙሉ ቀን | ያስፈልጋል |
| ብርጭቆ ወረቀት | ብዙ | ነጠላ ጥልቅ ጭረት | ክሊር መጨረስ | ወረቀቱ ርካሽ፣ ስህተቱ ውድ | እንደ ጭረቱ | ከዚያ በኋላ ማሽን ይፈልጋል |
| ግሌዝና ሻይነር | አይበላም | ይደብቃል ብቻ | ለቀለም ቀቢ ችግር | ርካሽ | አንድ ሰዓት | አያስፈልግም |

ከዚያ በላዩ ምን ይቀባ?

ፓሊሽ የተደረገ ቀለም እርቃኑን ነው። ሳይሸፈን ማደር የለበትም።

ካርናውባ የሚባለው ዋክስ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት የሚገኝ ነው። ቀለሙን ጥልቀት ይሰጠዋል፤ ጥቁርና ቀይ መኪና ላይ በጣም ያምራል። ደጅ ለሚያድር መኪና ግን ከአንድ እስከ ሁለት ወር ነው ዕድሜው። ሰው ሠራሽ ሲላንት ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። በሚረጭ የሚሸጠው ሴራሚክ ስፕሬይም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ አቀባቡ ግን በጣም ቀላል ነው፤ እርጥብ መኪና ላይ ረጭቶ ማድረቅ ብቻ የሚጠይቅም አለ።

በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ሴራሚክ ኮቲንግ ሌላ ነገር ነው። በትክክል ከተቀባ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ነገር ግን ከሥሩ ያለውን ጭረት አብሮ ይቆልፋል። ስትቀቡ ያልተወለወለ ቦታ ከቀረ ጠንክሮ ይቀራል፤ የሚነሳው እንደገና በፓሊሽ ነው። ከተቀባ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ቀን ውሃና አቧራ እንዳይነካት ቤት ያስፈልጋታል። ጋራዥ ወይም የተሸፈነ ግቢ ለሌለው ሰው አልመክረውም። ሲላንት ይበቃዋል።

ታዲያ ለማን የትኛው?

መኪናችሁ ገና ከሆነች፣ አሁን እየበዙ ካሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዷም ብትሆን፣ ማሽን አትንኩ። ክሌይና ሲላንት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፤ አንዱ ክረምት ሳይገባ ሰኔ መባቻ ላይ፣ አንዱ ዝናቡ ሲያበቃ ጥቅምት ላይ። ገንዘባችሁን በጥሩ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ አውጡት፤ ለዘበኛውም አንድ ባልዲና ሻምፑ ግዙለት።

አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሞላት፣ ክሊሩ ያልተላጠ፣ ጭረቷ የበዛ ቪትዝ ወይም ያሪስ ካለቻችሁ ዲኤ ማሽን፣ አንድ መካከለኛ ፓሊሽ፣ ከዚያ ሲላንት። አንድ ዙር ብቻ። ጭረቱ ሰባ በመቶ ከጠፋ በቂ ነው፤ የቀረውን ለማሳደድ የምትልጡት ክሊር ለሚቀጥሉት ዓመታት ያስፈልጋችኋል። ማሽን ማግኘት ካልቻላችሁ ኦል ኢን ዋን በእጅ፣ ከኮፈንና ከጣሪያ ጀምራችሁ።

ነጭ 040 ቶዮታ ወይም የድሮ ላዳ ከሆነች በእጅ ጀምሩ። ጨርቁ ነጭ ወይም ሰማያዊ ሲሆን አትደንግጡ፤ የሞተው ቀለም ነው የሚወጣው። ጨርቁን ግን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ወጥ ቀለም ዋክስ ካላገኘ በጥቂት ወራት ተመልሶ ዱቄት ስለሚያወጣ፣ እዚህ ላይ ዋናው ሥራ በየሁለት ወሩ የምትቀቡት ዋክስ ነው።

ታክሲ ወይም ራይድ የምትሠሩ፣ ቀን ቀን መንገድ ላይ፣ ማታ ደጅ የምትሆኑ፣ ቀላሉ ነገር የሚረጭ ሴራሚክ ነው። ከእጥበት በኋላ ሃያ ደቂቃ ነው። የወፍ ኩስ ሲወድቅ ግን እስከ ማታ አትጠብቁ። አሲድ አለው፤ ፀሐይ ላይ ሰዓታት ሲቆይ ክሊሩ ላይ ቅርጹን ትቶ ይሄዳል። መኪናችሁ ውስጥ አንድ የውሃ ጠርሙስና እርጥብ ጨርቅ ይኑር። አርሱት፣ ጠብቁት፣ ከዚያ አንሱት፤ አትፈግፍጉት።

ልትሸጧት ነው? ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ኮፈኑን፣ የሾፌሩን በርና የፊት መብራቱን ነው። እነዚያን በእጅ ፓሊሽ አድርጉ፣ መብራቱን በመብራት ማጽጃ ፓሊሽ አንጹ፣ የቀረውን እጠቡና ዋክስ ቀቡ። ክሊሩ የተላጠ ጣሪያ ካለ በግሌዝ አትሸፍኑት፤ ገዢው በሦስተኛው እጥበት ያገኘዋል፣ ስልካችሁንም ያውቀዋል። ዋጋውን እዚያው ቀንሳችሁ ንገሩት።

ክሊሩ ተላጦ እናንተው የምታቆዩዋት ከሆነ ደግሞ ሙሉ መኪናዋን ማስቀባት ግዴታ አይደለም። የተላጠው ጣሪያና ኮፈን ብቻ ከሆነ ሁለቱን ብቻ አስቀቡ። ሌላውን በዲኤ ሥሩት። አዲስ የተቀባ ቀለም ግን እስኪደርቅና ትነቱ እስኪያበቃ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ዋክስና ሲላንት ከመቀባታችሁ በፊት ስንት ሳምንት መጠበቅ እንዳለባችሁ ቀቢውን ጠይቁት። አንድ ወር ያህል ቢጠብቅ አይጎዳም። እስከዚያው ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃታል።